ሦስት መስመር ዜና

የምኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ ጀርባው የተሰነጠቀ አግዳሚ ወንበር አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ የምንቀመጠው ሦስት ሰዎች ነበርን። አንደኛው አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነው፤ ዓይኑ ቢደክምም እስከ ዛሬ የጎረቤቱን ሱሪ ያሳጥራል። ሁለተኛዋ አምስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ዕድሜዋን በስልክ ኦፕሬተርነት ያሳለፈች ሴት ናት። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «ሃሎ» ስለምትል እትዬ ሃሎ የሚል ስም ወጥቶላታል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳድል የኖርኩ ፖስተኛ ነኝ።

ሦስታችንን ያቀራረበን ወንበሩ ብቻ አልነበረም። ሦስታችንም የደም ግፊት አለብን። አንድ ዓይነት ኪኒን፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት እየገዛን፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት እንውጣለን። እትዬ ሃሎ «እኛ እኮ በኪኒን የተዛመድን ነን። ከሥጋ ዘመድ ይሻላል፤ ውርስ አያጣላንም» እያለች ታስቀን ነበር።

ዜና የሚያነብልን ልብስ ሰፊው ነው። ሴት ልጁ በሰጠችው ስልክ ላይ ፊደሉን አተልቆ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ጎርነን ያደርጋል። የሚያነበው ግን ጋዜጣ አይደለም። ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ የጫነው አንድ መተግበሪያ አለ። የመተግበሪያው ኩባንያ ጋዜጦች የጻፉትን ዜና በኮምፒዩተር እያሳጠረ በሦስት መስመር ያቀርባል። ከሥሩ የጋዜጣው ስም ይሰፍራል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ሙሉውን ለማንበብ ይህን ይጫኑ» ይላል። እውነቱን ልናገርና፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተጭነነው አናውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊው ስልኩን ከፍቶ ቀስ ብሎ አነበበ።

«የደም ግፊት ኪኒን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በመረጋገጡ ከገበያ እየተሰበሰበ ነው። ተጠቃሚዎች መውሰዳቸውን እንዲያቆሙ ተነገረ።» የኪኒኑም ስም ተጠቅሷል። የእኛው ነው።

እትዬ ሃሎ ኪኒኑን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። «መድኃኒት ቤት ጠይቀን ብናየው አይሻልም?» አለች።

«ምኑን እንጠይቃለን? የጋዜጣው ስም እኮ ከታች አለ» አላት ልብስ ሰፊው። «ይህ ጋዜጣ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም።»

«እስቲ ሙሉውን ተጫነው» አልኩት እኔ።

«ተጭነኸው ምን ልታገኝ ነው? ጭብጡ ይኸው። የቀረው ወሬ ማርዘሚያ ነው።»

እኔም አልገፋሁበትም። አንድ ጣት ማንሳት ሰንፌ ነው። እጃችን ላይ ያሉትን ኪኒኖች በሶፍት ጠቅልለን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልናቸው፤ ከመርዝ የተረፍን መስሎን ተመስገን እያልን ወደየቤታችን ገባን።

ጋዜጣው በእርግጥ አልዋሸም። የጻፈውን በኋላ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። የተበላሸው አንድ ምድብ ብቻ ነው፤ የምድቡ ቁጥር ከካርቶኑ ጀርባ ታትሟል። ያ ቁጥር ያለበትን የያዘ ሰው መድኃኒት ቤት ሄዶ ይቀይር። የሌሎች ምድቦች ተጠቃሚዎች ግን «ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ስለሚያሰጋ በምንም ምክንያት እንዳያቆሙ» ይላል። ኮምፒዩተሩ ሲያሳጥር የጣለው ይህንን ነው። «እንዳያቆሙ» ያለው እኛ ጋ የደረሰው «እንዲያቆሙ» ሆኖ ነው።

አሁን ከዚያ ሰኞ አሥራ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስቆም አንቀጽ ከረቂቅ ሕግ የወጣው በዚያ ቀን፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም። የነበረችው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ እሷም አንድም ነገር ሳትደብቅ ነግራኛለች።

ልጁ የሕግ ባለሙያ ናት። የምትሠራው መንግሥት የመገናኛ ብዙኃንን ጉዳይ እንዲከታተል ባቋቋመው መሥሪያ ቤት ነው። በእነዚህ የመተግበሪያ ኩባንያዎችና በዜና ተቋማት መካከል ያለውን ግንኙነት የሚገዛ አዋጅ እንድታረቅ ተመድባ ስድስት ወር ሠርታበታለች። በዚያ ቀን ከጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ የኩባንያው ተወካይ ነው፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ቃላት የማያጣ። ሌላው የዚያ የከተማችን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነው፤ ሸሚዙ ኪስ ላይ የቀለም ነጠብጣብ የማይጠፋ ሽማግሌ። የተያዙት በአንቀጽ አሥራ አራት ነው። አንቀጹ፣ አንድ ጋዜጣ «በስሜ የወጣው ማጠቃለያ እኔ ከጻፍኩት ጋር ይጋጫል» ብሎ ሲያመለክት፣ ኩባንያው በአንድ ሰዓት ውስጥ በሰው አስመርምሮ እንዲያርም ያስገድዳል።

«እኛ ዜና አንሠራም፤ የተሠራውን ነው የምናደርሰው» አለ ተወካዩ። «ደግሞ ያስቡበት። መንግሥት ዛሬ ዜና እንዴት ማሳጠር እንዳለብን ከደነገገ፣ ነገ የትኛው ዜና እንደሚታይ ይደነግጋል።»

አዘጋጁ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህስ አልተሳሳተም። እኔም የመንግሥት እጅ ጽሑፌ ውስጥ እንዲገባ አልሻም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የታገልኩት ይህንኑ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያላልኩትን በስሜ ስታወሩ ‹ይህን አላልኩም› ብዬ የምነግረው ሰው ስጡኝ። ሰው ነው ያልኩት፤ የምሞላው ፎርም አይደለም።»

«ፎርሙ በደንብ ይሠራል። እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ ከሺህ አንድ ነው።»

«አንዱ የሚመጣበትን ቀን ያውቁታል?»

ተወካዩ ወደ ሕግ ባለሙያዋ ዞሮ፣ አንቀጽ አሥራ አራት ካልወጣ ኩባንያው በቀሩት አንቀጾች ላይም እንደማይስማማ በትሕትና ነገራት። ረቂቁ ዓርብ መድረስ አለበት። አለቃዋ በዚያ ጠዋት ሁለት ጊዜ ደውሎ «አለቀ?» ብሏታል። ሰዓቷን አየች።

«እንግዲህ አሥራ አራትን ለጊዜው እናንሳው» አለች። «ኋላ በመመሪያ እናስገባዋለን።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሣ። «ኋላ የሚባለው መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ ቢነግሩኝ አቤቱታዬን እዚያ አስገባ ነበር» አላት፤ ወጣም።

ያ ሰኞ ሲመጣ ስሕተቱን መጀመሪያ ያየው ይኸው አዘጋጅ ነው። አንዲት አንባቢ ጋዜጣው ቢሮ ደውላ «ለምንድን ነው መድኃኒት አቁሙ የምትሉን?» ስትለው ከወንበሩ ተነሣ። ስልኩን ከፍቶ ሦስቱን መስመር አነበበ። ከዚያ ፎርሙን ሞላ። ኮምፒዩተር መለሰለት፤ «አስተያየትዎን ተቀብለናል፤ በአሥራ አራት የሥራ ቀናት ውስጥ እንመለከተዋለን።» እንደገና ሞላ። ማክሰኞም ደጋግሞ ሞላ። በራሱ ጋዜጣ ላይ ማስተባበያ ቢያወጣ ኮምፒዩተሩ ማስተባበያውንም አሳጠረውና «ጋዜጣው ስለ ኪኒኑ ያወጣው ዘገባ አነጋጋሪ ሆኗል» ብሎ አቀረበው። ረቡዕ ረፋድ ላይ ሌላ መንገድ ሲያጣ ለሕግ ባለሙያዋ ደወለ።

«ልወቅስዎት አይደለም የደወልኩት» አላት። «ዘጠኝ ጊዜ አመልክቻለሁ። የሚያነሣልኝ ሰው የለም። እርስዎ የሚያውቁት ሰው ካለ ይደውሉልኝ። ሰዎች መድኃኒት እያቆሙ ነው።»

እሷም ወዲያው ለተወካዩ ደወለች። እሱ አነሣ፤ ደነገጠም። ግን «እኔ እኮ የመንግሥት ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ ማጠቃለያው ላይ ሥልጣን የለኝም» አላት። «የሚመለከታቸው ሰዎች በሌላ አገር ናቸው። ፎርሙን ብትሞሉ...»

«ተሞልቷል። ዘጠኝ ጊዜ።»

«እንግዲህ ሌላ መንገድ አላውቅም» አለ።

ስልኩን እንደዘጋች ማጠቃለያውንና የጋዜጣውን ሙሉ ዜና ራሷ ከፍታ አየች። የኪኒኑን ስም ስታነብ የአባቷ መሆኑን አወቀች። በየወሩ ከመድኃኒት ቤት የምታመጣለት እሷ ናት። ለአባቷ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣም። ደግማ ደወለች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሣ ወጣች።

መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ከታክሲው ወርዳ የቀረውን በእግሯ ሮጠች። አባቷ በር ላይ ስትደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማት፤ ስልኩ ባትሪ ሊሞላ ሌላ ክፍል ቀርቶ ነበር። በሩን ሲከፍትላት ፊቱ ቀልቷል፣ ጆሮው ሥር ያለው ሥር ይመታል።

«አባዬ፣ ኪኒንህን ወስደሃል?»

«ከሰኞ ጀምሮ ትቼዋለሁ። አልሰማሽም እንዴ? ተበላሽቷል ተብሏል።»

ካርቶኑን ከመሳቢያ አውጥታ ጀርባውን አየች። ቁጥሩ ሌላ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ኪኒንህ ምንም አልሆነም እኮ አባዬ። ያንተ ደህና ነው። ማቆም ነው የሚጎዳው።»

ልብስ ሰፊው ቀስ በቀስ ገባው። «እኔ ብቻ አይደለሁም እኮ» አላት። «ለፖስተኛውም ለእትዬ ሃሎም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።»

የእኔን በር ደበደቡት። እኔም ሁለት ቀን ራሴን ሲወጋኝ ነበር፤ የእርጅና ነው ብዬ ትቼው ነው። ነገሩን ሲነግሩኝ ጫማዬን ሳላጠልቅ ወጣሁ። ሦስታችንም በደረጃው ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣን። ልብስ ሰፊው በየፎቁ ግድግዳ ተደግፎ ይተነፍሳል፤ ልጁ «አንተ እዚህ ቁጭ በል» ብትለው አልሰማትም።

የእትዬ ሃሎን በር አንኳኳን። ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። ደግመን አንኳኳን። ያቺ ኮቴ ሰምታ ካልጋ የምትነሣ ሴት ድምፅ አላሰማችም። ልብስ ሰፊው እሷ ስትወጣ አበባዋን ለማጠጣት የያዘው ትርፍ ቁልፍ ነበረው፤ ልጁ ተቀብላ ከፈተች።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ታየናለች። አፏ በአንድ ወገን ወርዷል። ልትናገር ስትሞክር የሚወጣው ድምፅ ቃል አልሆነም። ከፊት ለፊቷ ምድጃው ላይ ውሃው ተንኖ ያለቀ ድስት መጥቆር ጀምሯል። ምድጃውን አጠፋሁ። ለአምቡላንስ ተደወለ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ልብስ ሰፊው አጠገቧ ተንበርክኮ ደህና የሆነውን እጇን ይዞ «እኔ ነኝ ያነበብኩልሽ፣ እኔ ነኝ» ይላል። እሷ በዓይኗ እንጂ በሌላ አልመለሰችለትም።

ሐኪሟ የምትጠነቀቅ ሴት ነበረች። «ስትሮክ ነው። መንስኤው ይህ ብቻ ነው ብዬ አልምልም» አለችን። «ግን ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት መቆየቷ ግፊቷን ወዳልሆነ ቦታ አውጥቶታል። ትተርፋለች። ንግግሯን ግን አላውቅም።» የእኔንና የልብስ ሰፊውንም ግፊት ለካች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳም። እዚያው መድኃኒት ሰጥታ እስኪወርድልን አላስነሣችንም።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ትይዩ ነበርኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አባት። «ፖስተኛው ተጫነው ብሎኝ ነበር።»

«አይደለም አባዬ። እንዲህ ያለውን የሚያስቆም አንቀጽ ረቂቁ ውስጥ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ነገረችው። ስብሰባውን፣ ሰዓቷን ማየቷን፣ «ኋላ እናስገባዋለን» ማለቷን፣ ሁሉንም። አባቷ መሬት መሬት እያየ ሰማት። ልጁን ከነፍሱ እንደሚወድ አውቃለሁ፤ ያጽናናታል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔ ሱሪ ስሰፋ» አላት፣ «ደንበኛው ቸኩሏል ብዬ ስፌቱን ላላ አድርጌ ብሰጠው፣ የሚያፍረው እሱ ነው፤ ሰው ፊት ሲቀደድበት። አንቺ የሰፋሽው ደግሞ ለአገር ነው። እኔን አትጠይቂኝ ይቅርታ። ሂጂና ፍቺው፤ ፈትተሽ እንደገና ስፊው።»

እሷም አላለቀሰችም። ተነሥታ ሄደች።

ያ ማጠቃለያ የወረደው ዓርብ ነው፤ ማን እንዳወረደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ረቂቁ ግን ከእጇ ወጥቶ ለሕዝብ ተወካዮች ኮሚቴ ተልኮ ነበር። አለቃዋ «አሁን ብትነካኪው ራስሽን ነው የምታጋልጪው» አላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሚቴው አስተያየት ሲሰማ እሷ ቆማ በማይክሮፎኑ ተናገረች። እኔና አባቷ ከኋላ ወንበር ነበርን።

«አንቀጽ አሥራ አራትን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስለማያስፈልግ አልነበረም። ቀኑ ስለደረሰብኝ ነው። አሁን እንዲመለስ እጠይቃለሁ።» ከዚያ በሕንፃችን የሆነውን አንድ በአንድ አስረዳች።

የኩባንያው ተወካይ ተነሥቶ ማዘኑን ገለጸ፤ ማዘኑ የእውነት ነበር። ግን «በአንድ ሰዓት በሰው ማስመርመር በዚህ ብዛት ላለ ዜና አይቻልም» አለ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽሯን አወለቀች። «አንድ ልጠይቅዎት። እናንተ ጋ ማስታወቂያ የሚያሠራ ነጋዴ ‹ማስታወቂያዬ ተሳስቶ ወጣ› ብሎ ቢያመለክት፣ ስንት ጊዜ ይወስዳል?»

ወጣቱ ወረቀቱን አገላበጠ።

«ፎርም ነው የሚሞላው?»

«አይ... ስልክ አለው» አለ።

«ማን ያነሣል?»

«ሰው።» ድምፁ ዝቅ አለ። «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰው ያነሣለታል።»

ሰብሳቢዋ ሌላ አልጠየቀችም። አስተያየት ያለው ሲባል ግን እኔ እጄን አወጣሁ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ አድያለሁ» አልኩ። «አንድም ቀን ከፍቼ አንብቤ፣ ‹እናትህ ደህና ነኝ ትላለች› ብዬ ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀርቼ አላውቅም። ማሳጠር ነውር ነው አልልም፤ ሰው ጊዜ የለውም። እኔም ሙሉውን አላነበብኩም፤ የራሴን ጥፋት ለማንም አልሰጥም። ነገር ግን እኔ ደብዳቤ ተሳስቼ ስሰጥ ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ይቆጡኝ ነበር። ቤቴን ያውቁታላ። የእነዚህ ቤት የት ነው?»

አዋጁ ሲወጣ አንቀጽ አሥራ አራት ተመልሷል፤ የሽማግሌው አዘጋጅ ሐሳብም ተጨምሮበታል። ጋዜጣው «ይህ የእኔ ቃል አይደለም» ሲል ማጠቃለያው መጀመሪያ ይወርዳል፤ ከዚያ ስሙና ስልኩ የታወቀ ሰው ይመረምረዋል። ማመልከት የሚችለው ዜናውን የጻፈው ብቻ ነው። መንግሥት በዚህ አንቀጽ ተጠቅሞ ማንኛውንም ዜና ማስነሣት አይችልም። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከኩባንያው ተወካይ ፍርሃት የተወሰደ ነው፤ ደግ ሕግ የባላጋራውንም እውነት ይሰማል።

እትዬ ሃሎ ከሆስፒታል ወጥታለች። በከዘራ ትሄዳለች። ልትል የፈለገችውን ታውቃለች፤ ቃሉ ግን ከአፏ ሲደርስ ይሰባበራል። ልብስ ሰፊው በየቀኑ ጠዋት አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ዜናውን ከርዕስ እስከ መጨረሻው ነጥብ ያነብላታል። አንዳንዴ ሲረዝምባት በእጇ «በቃ» ትለዋለች። እሱ አያቆምም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሕግ አውጪ ብትሆኑ «ኋላ» የምትሉት ነገር የማን ቤት ወለል ላይ እንደሚወድቅ አስቡ። የሕግ ሥራ ከእናንተ የራቀ ቢመስላችሁም አንድ ጣት አላችሁ፤ ተጫኑት፤ አንብቡት። ሕጉ የአንባቢን ስንፍና አያድንም፤ አንባቢም ብቻውን ኩባንያ አያርምም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ባለፈው ወር ዋና አዘጋጁን ጋዜጣው ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁት። ጨዋታ ይዘን ሳለ፣ በዚያ ሳምንት ስለ ቧንቧ ውሃ የጻፉትን ዜና ኮምፒዩተሩ ሲያሳጥር «ሳታፈሉ አትጠጡ» የሚለውን «ጠጡ» አድርጎት እንደነበር አጫወተኝ።

«ከዚያስ?» አልኩት ደንግጬ።

«ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሣች፤ ስሟን ነገረችኝ። ወዲያው አወረደችው፤ በሃያ አምስት ደቂቃ ታርሞ ወጣ።»

«የታመመ ሰው አለ?»

«አንድም።»

«ታዲያ ይህ አይጻፍም?»

ሽማግሌው ሳቀ። «ምን ብዬ? ‹በዚህ ሳምንት ምንም አልሆነም› የሚል ዜና ማን ያነባል?»

እኔ እጽፈዋለሁ አልኩት። ይኸው ጻፍኩት።